ስም ሸፍነን እንረም

ውድ አባላት፣

እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን ኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ብዙ የአንደኛ ደረጃ መምህራን «ኬቪን» የሚለውን ስም ከረባሽነትና ከዝቅተኛ ውጤት፣ «ሻርሎት»ን ደግሞ ከጉብዝና ጋር እንደሚያያይዙ አሳይቷል። ልጆቹን ሳያዩ! እኛ ዘንድ ስም ብዙ ጊዜ ሃይማኖትንም ብሔርንም ስለሚጠቁም ጉዳዩ ይከብዳል።

ስለዚህ ተማሪው ስሙን በመልስ ወረቀቱ ጀርባ ይጻፍ፤ ፊት ለፊት የሚታየው መለያ ቁጥር ብቻ ይሁን። ቁጥሩ ከስም መጥሪያው ተራ ጋር አንድ ከሆነ ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ ቁጥር 1 ማን እንደሆነ ሁላችንም በቃላችን እናውቃለንና። በዕጣ አድሉት።

ድርሰት ስታርሙ የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ ጨርሳችሁ፣ ወረቀቱን በውዛችሁ ወደ ሁለተኛው እለፉ፤ ያለዚያ የመጀመሪያው መልስ ግምት እስከ መጨረሻው ይከተላችኋል። ማርክ ወደ ሮስተር የሚገለበጠው እርማቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው። የእጅ ጽሑፋቸውን የምትለዩትን ክፍል ወረቀት ከሌላ መምህር ጋር ተለዋወጡ።