«እሺ» ያለ በሽተኛ ሁሉ ሰምቷል ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሕክምና ስህተት በተነሳ ቁጥር ሰው የሚያስበው የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ነው። ነርሲንግ ለምናስተምር ሰዎች አሳሳቢው ቦታ አልጋው አጠገብ ነው፤ አሳሳቢው ቃልም «እሺ» ነው። ነርሷ መድኃኒቱን ይዛ «አቶ ከበደ ነዎት?» ስትላቸው ጆሯቸው የደከመ አዛውንት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሐኪም ፊት «አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ» ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠራላ! ማዶ አልጋ የተኙትም ከበደ ከሆኑ መርፌው ያለቦታው ይገባል።

ጥያቄው መገልበጥ አለበት፦ «ስምዎን ከነአባትዎና ከነአያትዎ ይንገሩኝ።» መልሱ ከካርድ ቁጥሩና ከመድኃኒት መከታተያ ወረቀቱ ጋር ይመሳከራል። የአልጋ ቁጥር መለያ አይሆንም፤ ማታ ድንገተኛ በሽተኛ ሲገባ አልጋ ይቀያየራል። ዕድሜም አያስተማምንም፤ «60 ገደማ» ተብሎ የተመዘገበ በአንድ ክፍል ሦስት አራት ይገኛል።

ለማይሰማ ሰው መጮህ ብዙም አይጠቅም። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ይጠፉና ቃሉ ጉምጉምታ ይሆናል። ስንጮህ ደግሞ ድምፃችን ይቀጥናል። አስቀድሞ ጆሮው በኩክ አለመደፈኑ ይታይ። ከዚያ መስኮቱ ይዘጋ፤ በመሀል አዲስ አበባ የመኪና ጥሩምባና የግንባታ ጩኸት ከነርሷ ድምፅ ይበልጣል። (የዓለም ጤና ድርጅት ለበሽተኛ ክፍል ያስቀመጠው መጠን በአማካይ 30 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው። እዚህ ማን እንደለካው እንጃ!) ነርሷ አንድ ሜትር ያህል ፊት ለፊት፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ ሆና ትቁም፤ ድምፅዋን ወፈር፣ ንግግሯን ዘግየት ታድርግ። የአፍ መሸፈኛ ካደረገች ከንፈሯ ስለማይታይ በትልልቅ ፊደል ትጻፍ። ማንበብ ለማይችል በእጅ ማሳየት ነው። በምልክት ቋንቋ የሚነጋገር በሽተኛ ከሆነ ካኑላው (መድኃኒት በደም ሥር የሚገባበት ቱቦ) በሚያወራበት ዋና እጁ ላይ አይሰካ፤ እጁን ማሰር አፉን ማፈን ነውና። በመጨረሻ «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ያችኑ «እሺ» መልሶ ያመጣል። «እስቲ ክኒኑን እቤት እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ሲባል ግን ያልተሰማው ወዲያው ይጋለጣል።

እግረ መንገዳችንን፣ ስለ ሰዓት። በፈረንጅ አቆጣጠር 8:00 ተብሎ የተጻፈው ለአስታማሚዋ 8 ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት። «በየ8 ሰዓቱ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በ8 ሰዓት ልዩነት ማለት ነው። ለቤተሰብ «ጠዋት 2፣ ቀን 10፣ ሌሊት 6» ተብሎ በአበሻ ሰዓት ይጻፍላቸው።

ሕጉ እዚህ ላይ ይገባል። ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል ጆሯቸው ለከበደ ሰው የምርመራ ውጤት በጩኸት መንገር ምስጢራቸውን ለሰባት ሰው ማደል ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ደግሞ የሙያ ምስጢር ማውጣትን ይቀጣል። ፈቃድም እንደዚሁ ነው። አባትን ትቶ ልጅን አነጋግሮ ማስፈረም የተለመደ ቢሆንም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ምርመራንና ሕክምናን እምቢ የማለት መብት የሰጠው ለራሱ ለሰውየው ነው። ምን እንደሚደረግበት ያልሰማ ሰው በምን ይከለክላል? የእንዲህ ዓይነቱ ሰው አሻራ ቀለም ከመሆን አያልፍም። የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 የሙያውን ደንብ ያልጠበቀ ባለሙያን በጥፋቱ ተጠያቂ ሲያደርግ፣ አንቀጽ 2651 ሆስፒታሉን ራሱን በረዳት ሠራተኞቹም ጥፋት ካሣ ከፋይ ያደርጋል። በቸልተኝነት አካል የጎዳው ሰው የሙያ ግዴታ ያለበት ሲሆን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ቅጣቱን ያከብዳል። ለዚህ ነው ተማሪዎቻችንን «በየትኛው ጆሮ በኩል እንደነገርሽው፣ ምን ብሎ እንደመለሰልሽ፣ ከነሰዓቱ ጻፊ» የምንላቸው። ፍርድ ቤት የሚያየው ካርዱን ነው።

ከሁሉ የሚያናድደን «ንብረት ይዛችሁ ሂዱ» የሚባለው ነገር ነው። ሌባ ስለሚፈራ ለአስታማሚ ከሚሰጠው ጋር መነጽሩም፣ የመስሚያ መሣሪያውም፣ ሰው ሠራሹ ጥርስም አብሮ ይሄዳል። ቀን ሲጫወቱ የዋሉት እናት ማታ መቀባዠር ይጀምራሉ፤ የት እንዳሉ አያውቁም፣ ጉልኮሱን ይነቅላሉ። ያኔ ማስታገሻ መርፌ ይታዘዛል፣ ወይም እጃቸው ይታሰራል። መነጽሩ ቢመለስላቸው፣ ሌሊት መብራቱ ቀነስ ተደርጎላቸው ቢተኙ፣ ውሃ ቢጠጡና የሚያውቁት ድምፅ ቢሰሙ ብዙ ጊዜ ይረጋጋሉ። የአልጋውን ብረት በአራቱም በኩል ማንሳትም ይባስ ያደርገዋል፤ የተወናበደ ሰው በብረቱ ላይ ስለሚወጣ ሲወድቅ ከከፍታ ነው። አልጋው እስከ ታች ዝቅ ይበል፣ ፍሬኑ ይያዝ፣ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ክፍት ይሁን፤ ከመተኛታቸው በፊትም ይወሰዱ። ዓይነ ስውርን ስንወስድ ክንዱን ይዘን አንጎትትም፤ እሱ ክርናችንን ይዞ ግማሽ እርምጃ ከኋላ ይከተላል። ከመንካታችን በፊት ማን እንደሆንን፣ ስንሄድም መሄዳችንን እንነግረዋለን።

ጆሮና ዓይንን የሚጎዳው መድኃኒቱ ራሱ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ጄንታማይሲንና አሚካሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች፣ በተለይ ኩላሊት ሲደክም፣ የውስጥ ጆሮን ይጎዳሉ፤ የጠፋው መስማት ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ከፍተኛ መጠን ያለው ፉሮሰማይድ (ሽንት የሚያሸና መድኃኒት) በደም ሥር ሲሰጥ በደቂቃ ከ4 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ ተቻኩሎ መግፋት ያደነቁራል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ኢታምቡቶል ቀይና አረንጓዴን መለየት ሊያሳጣ ይችላል። መርፌው ከመወጋቱ በፊት «ጆሮዎ ይጮሃል? ያዞርዎታል?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ «አዎ» ካሉ ሳይወጉ ሐኪሙን መጥራት ነው።

የመዳሰስ ስሜትም አለ። ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ወይም ከወገብ በታች ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ቃጠሎ አይሰማውም። አስታማሚዎች በደግነት ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው እግር ሥር ሲያኖሩ፣ ጠዋት ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ቆዳው ተልጦ ይገኛል። ለእነዚህ በሽተኞች ካልሲና ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይበቃል።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። በመግቢያ ካርዱ ላይ «መነጽር አለው? መስሚያ አለው? በየትኛው ጆሮ ይሻለዋል?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ ተረኞች ሲረካከቡም ከደም ግፊቱ ጋር ይነበብ። መነጽሩና መስሚያው ስምና ካርድ ቁጥር በፕላስተር በተለጠፈበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ እጃቸው የሚደርስበት ኮመዲኖ ላይ ይሁን፤ የመስሚያው ባትሪ ሲተኙ ይጥፋ፣ ጠዋት ሲነቁ ይበራ።

ሁለት የነርሲንግ መምህራን
አራዳ፣ አዲስ አበባ