የሞትኩት ለአንድ ቀን ደመወዝ ነው

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ወጉን ረስቼ አይደለም። ለእኅቴ ሠርግ የላክሁት 300 ዩሮ ከባንክ ሳይወጣ ሁለት ሳምንት እንደሆነውና አንቺም «ደም የነካው ገንዘብ ከቤቴ አይገባም» እንዳልሽ ስለሰማሁ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አጎቴ በስልኩ ያሳየሽ ቪዲዮ እዚህ ግሪክ በቴሌቪዥን ከሚታይ ድራማ ተቆርጦ የወጣ ነው። ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ሽጉጥ ታጥቆ የጭፈራ ቤት በር ላይ የቆመው እኔ ነኝ፤ ደረቱን ተመትቶ የሚወድቀውም እኔው ነኝ። ሽጉጡ ጥይት አይጎርስም፣ ደሙም ቀለም የገባበት የስኳር ሽሮፕ ነው። አጎቴ ክፉ አስቦ ነው አልልም፤ ነገር ግን የደም ግፊት ላለባት እናት ልጇ ሲገደል አሳይቶ፣ ልጁ ተነሥቶ ልብሱን ሲያራግፍ አለማሳየቱን ግን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ታሪኩ የፍቅር ነው ብልሽ ትስቂብኛለሽ። በአቴንስ ከምሽት ቤቶች የጥበቃ እያለ ገንዘብ የሚሰበስብ አንድ ወሮበላ አንዲት ዘፋኝ ይወድዳል፤ እርሷም ትወድደዋለች፤ ለእርሷ ሲል ያን ሥራ ሊተው ሲነሣ ግን ሥራው እርሱን አይተወውም። ግሪኮች ይህንን ዓለም በአጭሩ «ሌሊቱ» ይሉታል፤ አንድ ሰው «የሌሊት ሰው ነው» ከተባለ ሁሉም ነገሩ ገብቶት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዘይቤኪኮ የሚሉት ጭፈራ አላቸው፤ አንድ ሰው ብቻውን እጆቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣ ሰካራም መስሎ እየተንገዳገደ የሚጨፍረው ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ብቻውን ሲጨፍር ቢታይ ያልተጠራው ሁሉ ገብቶ ያጅበዋል፤ እዚህ ግን ከፍሎ ባዘዘው ዘፈን የሚጨፍርን ሰው መድረክ መጋፋት ክብሩን እንደ መርገጥ ይቆጠር ነበር። በድራማውም ወሮበላው ለፍቅረኛው ባዘዘው ዘፈን ሲጨፍር የጠላቱ ሰዎች ይነሡበታል፤ ተኩሱ ይጀመራል፤ መጀመሪያ የምሞተው እኔ ነኝ።

ይህንን ደራሲው ከባዶ አልፈጠረውም። አብሮኝ የሚሠራው ሽማግሌ ወጥ ቤት እንደነገረኝ በ1973፣ በእኛ የካቲት 1965 መሆኑ ነው፣ ኒኮስ ኮኤምዚስ የተባለ ሰው ለወንድሙ በታዘዘው ዘፈን ሌሎች ስለጨፈሩበት በተነሣ ጠብ 3 ፖሊሶችን በቢላዋ ገደለ። ሞት ቢፈረድበትም ሳይፈጸምበት 23 ዓመት ታስሮ ተፈታ፤ ከዚያም እስኪሞት ድረስ ስለ ሕይወቱ የጻፈውን መጽሐፍ ሞናስቲራኪ በሚባለው የገበያ ሠፈር መንገድ ላይ ቆሞ ይሸጥ ነበር። ሽማግሌው አንዱን ገዝቶታል፤ «እጁ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለኝ።

አንቺን ያስፈራሽ እኔም በዚያ ሌሊት ውስጥ ያለሁ መስሎሽ እንደሆነ አውቃለሁ። የለሁበትም፤ እኔ ሳህን ነው የማጥበው። አንድ ሰው ብቻ በወር አንድ ቀን ወደ ምግብ ቤታችን መጥቶ፣ ቡናውን ሳይከፍል ጠጥቶ፣ ከባለቤቱ ፖስታ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ያን ቀን ሁላችንም ሳህናችን ላይ እናቀረቅራለን። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ እኅቴ፣ ስታነቢላት ይህችን ዝለያት።

ቀረጻው ዕለት አራት ሰዓት ያህል ወለሉ ላይ ተጋድሜ ዋልኩ። በእነዚህ ቤቶች ለዘፋኝ ገንዘብ ግንባር ላይ አይለጠፍም፤ የካርኔሽን አበባ በትሪ ተገዝቶ ይበተንላታል፤ ስለዚህ እኔም ሬሳ ሆኜ አበባው ፊቴ ላይ ይወርድ ነበር። አበባውን ጋሪፋሎ ይሉታል፤ ቅርንፉድንም የሚጠሩት በዚያው ስም ነው፤ ለካስ ሽታቸውም አንድ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ሳለሁ የአንቺ ሻይ ሸተተኝ፤ ሳላስበው በረጅሙ ሳብኩት። ዳይሬክተሩ «ሬሳው እየተነፈሰ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ሳቀብኝ፤ እንደገና ገደሉኝ።

ለዚያ ቀን 80 ዩሮ ተከፈለኝ፤ የቀረው 220 ከሳህን ነው። ተኝቶ የተገኘ ገንዘብ ነው ካልሽ እቀበላለሁ፤ ደም አለበት ካልሽ ግን ሽሮፕ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ የሚያሳፍርሽን ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ሳይጠይቁኝ ተፈረደብኝ።

ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ ሙሽራው ሲመጣ ቤታችን በር ላይ ቆሜ «አናስገባም ሰርገኛ» ማለት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ አባባ ከሞተ ወዲህ ያ በር የእኔ ነው። ወረቀቴ ገና አላለቀምና ከዚህ ብወጣ መመለሻ የለኝም። የራሴን በር ለጎረቤት ልጆች ትቼ የወሮበላ በር ስጠብቅ ታየሁ፤ በዚህ ብትቆጪኝ ኖሮ መልስ አልነበረኝም። አንቺም ሙሽሪት፣ ልጆቹን በቀላሉ እንዳይከፍቱ ንገሪያቸው፤ ሚዜዎቹ በደንብ ይለምኑ።

እማዬ፣ እባክሽ ገንዘቡን እስከ ቅዳሜ አውጥተሽ በመጀመሪያ መድኃኒትሽን ግዢ፤ ጾሙ ነው ብለሽ ኪኒኑን እንዳታቋርጪ። በሚቀጥለው ክፍል የእኔ ቀብር ይታያል፤ ጥቁር ሪባን የታሰረበት ፎቶዬም አለ፤ አጎቴ ይህንንም ይዞ እንዳይመጣብሽ ቀድሜ ነገርኩሽ። ፎቶው ከነኮቱ ጥሩ ሆኖ ስለወጣ እንዲሰጡኝ ጠይቄ እሺ ብለውኛል። ሪባኑን ፈትቼ እልከዋለሁና ለሠርጉ ሳሎን ውስጥ ስቀሉልኝ፤ ከአባባ ፎቶ አጠገብ ግን አይሁን።

ልጅሽ፤ ከአቴንስ