የኢስታንቡሉ ፕሮግራም ይስተካከል

ውድ የደሴ የጉዞ ማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ?

ከአስጎብኚው ድርጅት ጋር ከመዋዋላችን በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ላንሳ። የቀረበልን ፕሮግራም በጣም ታጭቋል። በአንድ ቀን አያ ሶፊያ፣ ሰማያዊው መስጊድ፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት፣ በዚያ ላይ ደግሞ ትልቁ ገበያ! ቶፕካፒ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈልጋል። አያ ሶፊያ በ537 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ተጠናቀቀ፤ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ በኋላም መስጊድ ሆነ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ለሚጓዝበት ለእኛ ለወሎዎች ከዚህ የበለጠ ቦታ ከየት ይመጣል? ተሯሩጠን ልናልፈው አይገባም።

ቀኖቹም ይታዩ። ቶፕካፒ ማክሰኞ፣ ትልቁ ገበያ ደግሞ እሁድ ዝግ ነው። ሰማያዊው መስጊድም በሶላት ሰዓት ጎብኚ አያስገባም።

የአስጎብኚው ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ለሁሉም ይድረስ፤ ከኋላ የሚቀሩት እናቶቻችን ናቸውና። አማርኛ ተርጓሚ እንደሚኖርም ውሉ ላይ ይጻፍ። ምንጣፍ ቤትና ቆዳ ቤት እያዞሩ ሰዓታችንን መብላት ይቅር፤ ኮሚሽኑ የእነሱ ነው። የጾምና የሐላል ምግብ ነገር ከአሁኑ ይነገር።

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ተገናኝተን እንነጋገርበት። መምጣት የማትችሉ ሐሳባችሁን ለጸሐፊያችን ላኩ።