ካታሊቲኩን ማስቆረጥ ከእሳት አያድንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ ገጽ ላይ አንድ አንባቢ ምክር ሰጥተው ነበር። በሣር መካከል የሚሠራ የናፍጣ መኪና ያለው ሁሉ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (በጭስ ማውጫው ቱቦ መካከል ሆኖ ከሞተሩ የሚወጣውን መርዛማ ጋዝ የሚያቃጥለውን ዕቃ) አስቆርጦ በምትኩ ባዶ ቱቦ ቢያስበይድ ከእሳት ይድናል፣ ናፍጣም ይቆጥባል ባይ ናቸው። ክፉ አስበው እንዳልጻፉት አውቃለሁ። እኔ ግን ያንኑ ምክር ከአንድ መካኒክ አፍ ሰምቼ፣ እንዳለ ፈጽሜው፣ ያተረፍኩትን አይቻለሁና ልንገራቸው።

ቤቴ አዘዞ ነው። አንድ የናፍጣ ደብል ጋቢና አለኝ። መንገዱ እንዳሁኑ ሳያስፈራ በፊት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውሃ እየወረድኩ ለእርሻ ባለቤቶች ዱቄት፣ ዘይት፣ የመጠጥ ውሃና ጆንያ አመላልስ ነበር። ቆላውን የማያውቅ ሰው ሣር ሲባል የግቢ ሣር ይመስለዋል። እዚያ ሣሩ ከመኪናው ኮፈን በላይ ይቆማል። ክረምቱ ሲወጣ ይደርቃል፤ መኪናው ሲደፈጥጠውም ተሰባብሮ ከሥር እየገባ ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ ይሞላል።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረዳቴ «ጋሼ፣ የተቃጠለ ጨርቅ አይሸትዎትም?» አለኝ። ጨርቅ አልነበረም። ወርደን ስንጎነበስ በካታሊቲኩና በሙቀት መከለያው ቆርቆሮ መካከል የታጨቀው ሣር እየጨሰ ነው፤ አንድ ጎኑም ፍም ሆኗል። የእሳት ማጥፊያዬ ጊዜው ያለፈበት ነበር (ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ ማንንም አልከስም)። ለአጫጆቹ ከጫንነው ውሃ አንዱን ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አንሥቼ ደፋሁበት። እሳቱ ጠፋ፤ ካታሊቲኩም አብሮ ተሰነጠቀ። የካታሊቲክ ሆድ ዕቃ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሸክላ ነው። በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ምን እንደሚሆን በእናቴ ምጣድ አይቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ግን በዚያች ደቂቃ ማን ያስታውሳል? ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው በተነሣ ቁጥር ከሥሩ ጠጠር የተሞላ ቅል ይመስል ይንኳኳ ጀመር።

ጎንደር ስመለስ አንድ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ አየት አድርጎ፣ ይህ ነገር ለፈረንጅ አገር የተሠራ ነው፣ ቆርጠን ቱቦ እንበይድልዎትና መኪናው ይተንፍስ አለኝ። ተቆረጠ። የብየዳውን ከፈልኩ። አሮጌውን ብረት «እኛው እንጥለዋለን» ሲሉኝ አመስግኜ ወጣሁ። ሸክላው ላይ የተቀባው እንደ ፕላቲነም ያለ ውድ ማዕድን እንደሆነና የተሰባበረውም ቢሆን ገዢ እንዳለው የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። በሬዬን አስረክቤ የገመዱን ዋጋ የከፈልኩት እኔው ነበርኩ።

ናፍጣውስ? የምቀዳውን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ፤ የቆየ ልማዴ ነው። ገንዳ ውሃ ደርሼ ስመለስ የምጨርሰው ሳይቆረጥም ተቆርጦም ያው ነበር። የተደፈነ ካታሊቲክ ሞተርን ማነቁ እውነት ነው። ነገር ግን ካታሊቲክ በራሱ ጊዜ አይደፈንም። ኢንጀክተሩ ናፍጣ ሲያንጠባጥብ፣ ቱርቦው ዘይት ሲያሳልፍ፣ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ሲታፈን ነው የሚደፈነው። እነዚያን ትቶ ካታሊቲኩን መቁረጥ አፍንጫው የነሠረውን ሰው አፍንጫውን ቆርጦ እንደ መላክ ነው።

የተለወጠው ሽታው ነው። ብዙ ሰው ጥቁር ጭስ ካላየ መኪናው ንጹሕ ይመስለዋል። እኔ መኪና ላይ የነበረው ዓይነት ካታሊቲክ ግን ዋና ሥራው ጥላሸት መያዝ አይደለም፤ ለጥላሸቱ አዳዲሶቹ መኪኖች ሌላ ማጣሪያ አላቸው። የእርሱ ሥራ ዓይን የማያየውን ማቃጠል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሳይቃጠል ያመለጠውን ናፍጣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ እንፋሎት ይለውጣል፤ ለዚህም ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መጋል አለበት። እኔ ማታ ከመንገድ ስገባ ቱርቦው እንዲበርድ ሞተሩን ሳላጠፋ ጥቂት ደቂቃ አቆየዋለሁ፤ የማቆምበት ቦታ ደግሞ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ነው። ባለቤቴ ሁለት ሳምንት ታገሠች። ከዚያ አንድ ማታ ከምትጋግረው እንጀራ ቆርሳ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችው። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። «ወይ መኪናህን ወይ ምጣዴን፣ አንዱን ከዚህ አንሣልኝ» አለች። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ እንደመደበው ጤና ጣቢያ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ነግራኛለች። ነገሩ ከባድ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያንቀሳቀሰኝ እንጀራው ነው።

እሳቱም ቢሆን አልቀረልኝም። በዓመቱ ኮኪት አካባቢ ሣሩ እንደገና ጨሰ፤ ያሁኑ በባዶው ቱቦ ላይ። ካታሊቲኩ ተነሣ እንጂ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ መች በረደ? እንዲያውም መካኒኩ ሲቆርጥ የሙቀት መከለያውንም አብሮ ስላነሣው ቱቦው እርቃኑን ቀርቶ ነበር። የጥላሸት ማጣሪያ ያላቸው መኪኖችማ የተጠራቀመውን ጥላሸት ሲያቃጥሉ ውስጣቸው ከ550 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ እነርሱን ይዞ ደረቅ ሣር ላይ መቆም ክብሪት እንደ መጫር ነው።

ስለዚህ ያገለገለ ካታሊቲክ ፈልጌ አስመለስኩ። ከዚያ በኋላ የለፋሁት በመከለያው ላይ ነው። ፋብሪካው የሚገጥመው መከለያ ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ ብሎኑ ሲላላ ይንጫጫል፤ ሾፌሩም ጩኸቱ ሲሰለቸው ነቅሎ ይጥለዋል። እኔ በላሜራ አሠራሁት። ካታሊቲኩን አይነካም፤ አየር እንዲያልፍ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። ከፊት ዘንበል ብሎ ሣሩን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ከኋላ ክፍት ነው፣ ሁለት ብሎን ስፈታ ይወርዳል። ክፍት መሆኑን አደራ እላለሁ። አንድ ጓደኛዬ ሣር አላስገባም ብሎ ዙሪያውን እንደ ሳጥን ዘግቶ አስበየደው። ሣሩ መግቢያ አላጣም፣ መውጫ ግን አጣ፤ ሳጥኑ ምድጃ ሆኖ አረፈው። ቃጫና ጨርቅ የሚጠመጥሙም አይቻለሁ፤ ያ ዘይት የነካው ዕለት ራሱ ይያያዛል።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ሣር ውስጥ ስሄድ በየግማሽ ሰዓቱ ገላጣ መሬት ፈልጌ እቆማለሁ፤ ረዳቴ ጫፉ በተቆለመመ ሽቦ ከሥር ያለውን ሣር ይስባል። ሞተር አስነሥቼ ሣር ላይ አልቆምም። የእሳት ማጥፊያዬም አሁን ይሠራል። የእርሻ ባለቤቶቹ ከአጨዳው በፊት የመኪና መግቢያውን ቢያሳጭዱ ይህ ሁሉ ግማሹ ይቀር ነበር፤ ስንት ዓመት ለመንን!

ለቦሎ በየዓመቱ ስመረመር መብራትና ፍሬን ይታያል። ካታሊቲክ ባልነበረኝ ዓመት ግን ጎንበስ ብሎ «ይህ ቱቦ ምንድን ነው?» ያለኝ አልነበረም። ቢጠይቁኝ አፍር ነበር፤ ቢሆንም ቢጠይቁ ጥሩ ነበር።

አንባቢው ገና ካላስቆረጡ አዘዞ ብቅ ይበሉ፣ የላሜራውን ልክ በካርቶን ቆርጬ እሰጣቸዋለሁ። ካስቆረጡም ቢያንስ አሮጌውን ብረት ጋራዡ ውስጥ ትተው አይውጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቆላ መንገድ ሾፌር
ከአዘዞ፣ ጎንደር