ሰኞ ጠዋት የማይገኙት ተማሪዎቼ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። 19ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ጋዜጣችሁን በመምህራን ማረፊያ ክፍል እየተቀባበልን እናነባለን። በየዓመቱ አንድ ዜና አይቀርም፦ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ይህን ያህል ናቸው ይላል። የ2015 ዓ.ም. ውጤት ሲነገር 1,328 ነበሩ። አንዱ የእኛ ነው።

በፈተናው ላይ ቅሬታ የለኝም። በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ በነበረ ጊዜ መልስ በስልክ ሲዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተናቸው እውነቱን አወጣው። ያን ዓመት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻሉ ያስደስተኛል። ግን ቁጥሩ ሲጻፍ ስለ ልጆቹ አንድ ቃል አይጻፍም። የት ያድራሉ? ምን በልተው ይማራሉ? ይህን የሚጠይቅ አላየሁም።

እኔም ራሴ ብዙ ዓመት አልጠየቅኩም። ሆም ሩም በሆንኩበት ክፍል ሒሳብ ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ነበር። አዲስ ትምህርት የምጀምረውም ሰኞ ነው። ስም ስጠራ ቀሪው ይበዛል። ማክሰኞ ሲመጡ ደግሞ ምንም አይገባቸውም። ስንፍና መስሎኝ ተቆጣሁ። አንድ ቀን ቀሪዎቹን አስነስቼ «ወላጅ ሳታመጡ እንዳትገቡ» አልኳቸው። አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «ቲቸር፣ ወላጅ ለማምጣት እኮ ሌላ ሁለት ቀን መቅረቴ ነው» አለችኝ። ቤታቸው በእግር አምስት ሰዓት ይወስዳል። ለመሄድ አንድ ቀን፣ ለመመለስ አንድ ቀን። በጣም አፈርኩ። ያን ቀን ሒሳቡን ትቼ ሁሉንም ከየት እንደሚመጡ ጠየቅኳቸው።

አብዛኞቹ ከገጠር ቀበሌ የመጡ ናቸው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት እንደወጡ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ። ቅዳሜን እንደየወቅቱ ሲያጭዱ ወይ ከብት ሲጠብቁ ይውላሉ። እሑድ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ የባቄላ ቆሎ ነው። ቤት ውስጥ ሥራ ከበዛ፣ እንጀራው ሳይጋገር ከቀረ፣ ወይም መስከረም ላይ ወንዙ ከሞላ መመለሻው ወደ ሰኞ ይገፋል። ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ክፍሉ ግማሹ ባዶ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ስንቁ እያለቀ ስለሚሄድ ጭንቅላታቸውን ዴስክ ላይ አስደግፈው አያቸዋለሁ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት በጸጥታ ችግር ትምህርት የተቋረጠባቸውን ሳምንታት ሳልቆጥር ነው።

የሴቶቹ ሸክም ይበልጣል። ከወንድሟ ጋር የተከራየች ልጅ ውኃ የምትቀዳውም፣ ወጥ የምትሠራውም እሷ ናት። ወንድሟ በዚያ ሰዓት ያጠናል። «ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ አታድርም» ተብለው ከነአካቴው የቀሩብኝም አሉ። ጎበዞች ነበሩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ መጀመሪያ የደረሰን በፒዲኤፍ ነው። ስማርት ስልክ ያለው አነበበ። የሌለው ከጓደኛው ደብተር ገለበጠ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከነሥዕላዊ መግለጫው በእጇ የገለበጠች ተማሪ አለችኝ። ያቺው «ሌላ ሁለት ቀን መቅረቴ ነው» ያለችኝ ልጅ ናት።

ከአዳሪ ትምህርት ቤቶች ጋር የምንነጻጸርበትን መንገድ ደግሞ ልቤ አልተቀበለውም። እዚያ የሚገቡት በመግቢያ ፈተና የተመረጡ ልጆች ናቸው። አልጋ አላቸው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላሉ፣ ማታ መብራት አላቸው። ከእኛም ወረዳ ጎበዞቹ ወደዚያ ይሄዳሉ። እንኳን ሄዱ፤ ደስ ብሎኝ ነው የምሸኛቸው። በውጤት ቀን ግን እነሱም እኛም በአንድ ሰንጠረዥ ላይ እንደረደራለን። የእኛ ልጆች አከራይ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት የሚያጠፋባቸው ናቸው።

እኛ ምን አደረግን ለምትሉ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩን ለምኜ ሒሳብን ከሰኞ ወደ ማክሰኞ አዛወርን። ሰኞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜያት የክለሳ ሆኑ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ ማታ ማታ አንድ ክፍል ይከፍቱልናል። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ልጆቹ እዚያ ያጠናሉ። ወጪው የአምፖል ብቻ ነው። የክፍሌ የሒሳብ ውጤት ትንሽ ከፍ አለ። ብዙ ነው ብዬ አልዋሽም። እንግሊዝኛው ገና ይቀረናል፤ ጥያቄውን በአማርኛ ስነግራቸው የሚሠሩትን በእንግሊዝኛ ሲመጣ ይተዉታል።

«አንድም ያላሳለፈ» ከተባልንበት ዓመት ሁለት ልጆች በሪሚዲያል፣ ማለፊያ ነጥብ ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ገብተው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ ነው። ይህንንም ጋዜጣ ላይ አላየሁትም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የሚቀጥለው ውጤት ሲወጣ ኃላፊዎቹን መቶኛውን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ስንት ተማሪ ቤት ተከራይቶ ይማራል? ስንቱ በእግር ይመላለሳል? መጽሐፍ ለስንት ተማሪ አንድ ደረሰ? ከገቡት ሴቶች ስንቶቹ ለፈተና ደረሱ? የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ቢያንስ ግማሹን ከመዝገብ አውጥተው መስጠት አያቅታቸውም። ሌላውን ሆም ሩም መምህር በአንድ ሰዓት ይሰበስበዋል። እኔ ሰብስቤዋለሁ። ከሰንጠረዡ ጎን አንድ ዓምድ ጨምሩና አትሙት። ያን ጊዜ የምገባ ገንዘብ የት መሄድ እንዳለበት፣ ማደሪያ የት መሠራት እንዳለበት የሚወስነው ሰው ከፊቱ የሚያየው ነገር ይኖረዋል።

ያቺ ተማሪዬ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ሰኞ አሁንም አልፎ አልፎ ትቀራለች፤ ግን ማስታወሻው ይቀመጥላታል። ጋዜጠኛ ልትልኩልን ብትፈልጉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይምጣ። ከከተማችን መግቢያ ያለው ድልድይ ላይ ቢቆም ስንቃቸውን ተሸክመው ሲመለሱ ሁሉንም ያገኛቸዋል።

አክባሪያችሁ
የሒሳብ መምህር፣ ከሰሜን ሸዋ