ቤት ተገኘልኝ! ድሬዎች እግዜር ይስጥልኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን መልእክት ከጥር ጀምሮ ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ መጀመሪያ ፈተና ከዛ ጾም ከዛ ሥራ እያለ ዛሬ ላይ ደረሰ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጥቅምት ላይ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ለሴት ተማሪ የሚሆን አንድ ክፍል ስፈልግ የጠየቃችሁልኝ፣ የደወላችሁልኝ፣ አብራችሁኝ በፀሐይ የዞራችሁ በሙሉ፣ ቤት ተገኝቷል፣ ከገባሁም አምስት ወር ሆነኝ።

ለማታውቁኝ የአሰበ ተፈሪ ልጅ ነኝ (ጭሮ ማለቴ ነው፣ እኛ ቤት እስካሁን አሰበ ተፈሪ ነው የሚባለው)። ቀን ታይዋን ገበያ ልብስ ሱቅ እሠራለሁ፣ ማታ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ በኤክስቴንሽን እማራለሁ። ሬጉላር የሚማር ዶርም አለው ካፌ አለው፣ ወጪውንም ከተመረቀ በኋላ ነው በኮስት ሼሪንግ የሚከፍለው፣ ኤክስቴንሽን ግን የትምህርቱም ክፍያ ማደሪያውም ምግቡም ከዛችው ከደመወዝ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ አክስቴ ጋ መልካ ጀብዱ ነበር የማድረው። አክስቴ ምንም አላጎደለችብኝም፣ ችግሩ መንገዱ ነው፣ ክላስ የሚያልቀው ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ በዛ ሰዓት ታክሲ የለም፣ ባጃጅ ኮንትራት ስይዝ ወር ሳይጋመስ ደመወዜ ያልቃል።

ቤት ፍለጋው ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ሳቢያን ሰፈር ያላንኳኳሁት በር የለም። ብቻሽን ነሽ? ባል አለሽ? ወንድ ይመጣል? ልብስ ስንት ቀን ታጥቢያለሽ? ሁሉንም መልሼ መልሼ መጨረሻ ላይ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ ይሉኛል፣ ሦስት ሰዓት ስል ፊታቸው ይለወጣል፣ የግቢው በር በሁለት ሰዓት ነው የሚዘጋው ይሉና አለቀ። ማታ የምትገባ ሴት ከትምህርት ነው የምትመጣው ብሎ የሚያስብ ጠፋ፣ ይሄ ነገር አሁንም ሳስበው ያመኛል። አንዱ ባለቤት ደግሞ ቆርቆሮው ከራስ በላይ አንድ ክንድ በማይሆን ክፍል የስድስት ወር ቅድሚያ አለኝ፣ በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ (1320) ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም እንደሚል ያወቅኩት በኋላ ቢዝነስ ሎው ስንማር ነው፣ ያላወቀ ካለ ይወቀው ብዬ ነው የጻፍኩት። አንድ ደላላ አለ፣ አንድ ሺህ ብር ተቀብሎኝ ስልኩን ዘጋ፣ እሱን ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ።

ደቻቱ ወንዝ ዳር ርካሽ ቤት ተገኝቶልኝ ነበር፣ እናቴ ግን በስልክ አልቅሳ ከለከለችኝ። የ1998ቱን ጎርፍ አትረሳውም፣ ሰው ተኝቶ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ የወሰደውን፣ ቤቱ በነጻም ቢሆን አትገቢም አለች፣ እኔም እሺ አልኩ። ከዛ ትምህርቱን ላቋርጥ ዊዝድሮው ልሞላ ወሰንኩ፣ ፎርሙ ራሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ።

የሱቁ አለቃዬ፣ ቤት ለማየት ስወጣ አንድ ቀን እንኳን ከደመወዜ ያልቆረጥክብኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የክላስ ልጆች፣ ከእኔ የባሰ ችግር እያለባችሁ ብር አዋጥታችሁ ባጃጅ የያዛችሁልኝ፣ ያቺን ፎርም ከቦርሳዬ አውጥታችሁ የቀደዳችሁት፣ ውለታችሁን በምን እንደምከፍል አላውቅም።

የባጃጁ ወንድሜ። ኅዳር ላይ ስልኬ ዘግቶ ግቢው በር ላይ ቆሜ፣ የት ነሽ እህቴ ስትለኝ መልካ ጀብዱ ስልህ፣ አቦ በዚህ ሰዓት እዛ ድረስ ብቻሽን? ብለህ በታክሲ ሂሳብ እስከ አክስቴ በር ያደረስከኝ፣ መንገድ ላይ ታሪኬን ሰምተህ ምንም ሳትለኝ በነጋታው ደውለህ የእናቴ ጎረቤት አንድ ክፍል አላቸው፣ ተናግሬልሻለሁ፣ ሂጂና እይው ያልከኝ። ኮሚሽን ስሰጥህ ደግሞ ተቆጣኸኝ።

እማ (አከራዬ ማለቴ ነው)፣ ስሜን እንዳትጽፊ፣ ለአላህ ብዬ ነው ስላሉኝ ስምዎትን አልጽፍም። እማ እንደሌሎቹ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ አላሉኝም። ምን ትማሪያለሽ? እናትሽ ማታ እንደምትማሪ ታውቃለች? ነው ያሉት፣ ከዛ ስልኳን ስጪኝ ብለው እዛው ፊቴ ደወሉላት፣ በኦሮምኛ ሃያ ደቂቃ አወሩ፣ እኔ ቆሜ ነበር። ስልኩን ሲዘጉ ግቢ አሉኝ። ኪራዩን ሁለት ሺህ አምስት መቶ አድርገው የአንድ ወር ብቻ ተቀበሉኝ። ማታ ላይ ደግሞ የትንሿን በር ቁልፍ አስቀርጸው ከሻሻቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው ሰጡኝ። አሥራ ምናምን በር የተዘጋብኝን ልጅ ቁልፉን በእጄ ሲሰጡኝ እዛው አለቀስኩ። ከዛን ቀን ጀምሮ እስክገባ የበረንዳው መብራት ጠፍቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ረመዳንና ዓቢይ ጾም አንድ ላይ ነበሩ። ከክላስ ስመለስ ክፍሌ በር ላይ ሁሌ በሰሃን የተከደነ ነገር አገኛለሁ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ባጅያ፣ አንዳንዴ ቴምር። አንድ ቀን ሥራ አልነበረኝምና ኩሽና ቁጭ ብዬ ሳይ፣ ዘይቱ ገና አዲስ ሆኖ መጀመሪያ የእኔን ምስር ይጠብሳሉ፣ ከሰሃን አድርገው ከሸፈኑ በኋላ ነው የቤቱን የሥጋ ሳምቡሳ ወደ ዘይቱ የሚከቱት፣ ዘይቱ ሥጋ እንዳይነካብኝ ማለት ነው። ማንም አልነገራቸውም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ወሩን ሙሉ እንደዛ ነው ያደረጉት።

አሁን ሙቀቱ ስለጀመረ ክፍል ውስጥ አይተኛም፣ ማታ ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፈን ነው የምንተኛው፣ እኔ ከሴት ልጆቻቸው መሃል ነኝ። ጠዋት ሆጃ አፍልተው ነው የሚቀሰቅሱኝ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቴም ጥሩ ነው እማ፣ ቅድሚያ ያሳየሁት ለእርስዎ ነው፣ እናቴ ራሷ ሁለተኛ ነች።

ሳቢያን አካባቢ ቤት የምታከራዩ እናቶችና አባቶች፣ በናታችሁ ማታ የሚማር ልጅ ሲመጣ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት የተማሪ መታወቂያውን እዩለት፣ ቤተሰቡ ጋ ደውሉ። የክላሴ ሁለት ሴቶች እስካሁን እየፈለጉ ነው፣ አንድ ክፍል ለሁለት ይበቃቸዋል፣ የምታውቁ ንገሩኝ።

የባጃጁ ወንድሜ፣ ቁጥርህ ከየካቲት ጀምሮ አይሠራም፣ ሰፈርም ጠይቄ አጣሁህ፣ ባጃጁን ሸጠህ ሌላ ሥራ ጀምረሃል አሉኝ። እናቴ ለፋሲካ መጥታ ማር አምጥታልሃለች። ሱቃችንን ታውቀዋለህ፣ ባንኮኒው ሥር ነው ያስቀመጥኩት፣ እኔ ባልኖርም ይሰጡሃል፣ ና ውሰድ።