ሳይፈቱ ማዳመጥ፦ የሪል ጥገና ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

የሪል ጥገና ክበብ የተቋቋመው በዚህ ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ዓላማው አንድ ተማሪ የራሱን ወይም የቤተሰቡን የዓሣ ማጥመጃ ሪል (ዘንጉ ላይ የሚታሰረውን፣ በእጀታ እየዞረ ክር የሚጠቀልለውን መሣሪያ) ራሱ ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ቀብቶ፣ የተበላሸውን ክፍል ለይቶ መልሶ እንዲገጥም ማስቻል ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በክበባት ክፍለ ጊዜ፣ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ እንሰበሰባለን። አባላቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ወንዶችና ሴቶች ናቸው።

በሐዋሳ እንዲህ ያለ ክበብ ለምን እንዳስፈለገ የጠየቁኝ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በሐይቃችን ላይ የሚሠሩት ዓሣ አስጋሪዎች በአብዛኛው መረብ ይጥላሉ። አምባዛ የሚፈልጉት ብዙ መንጠቆ የታሰረበት ረጅም ገመድ ይዘረጋሉ፤ ልጆች ደግሞ ከዳር ሆነው ክሩን በእጃቸው ይዘው ቆሮሶ ያጠምዳሉ። ዘንግና ሪል ያለው ሰው ጥቂት ነው። ያለውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ዘመድ ከውጭ አገር ያመጣለት ወይም እንግዳ ትቶለት የሄደ ነው። መመሪያ የለውም፤ መለዋወጫውም እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ቀን እጀታው ሲከብድ ወይም መንገጫገጭ ሲጀምር ዕቃው ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል፤ እዚያው ይረሳል። እኔ የምሟገተው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ወደ ክበባችን ከመጡት ሪሎች አብዛኞቹ አልተሰበሩም ነበር፤ የደረቀ ግራሶና አሸዋ አንቋቸው እንጂ።

አሸዋው የዋዛ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ የተኛው ጥንታዊ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ በአካባቢው ያ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ በሽ በሽ ነው። ይህ ድንጋይ ሲደቅ ብረት ለመሞረድና ለመወልወል ያገለግላል። ሪሉን ዳር ላይ አስቀምጦ መንጠቆ የሚያስር ሰው ታዲያ ሳያውቀው ማርሹን የሚበላ ዱቄት እያስገባ ነው። ሐይቃችን እንደ ባሕር ጨዋማ ስላልሆነ ብረቱን ዝገት ቶሎ አይጨርሰውም፤ አቧራው ግን የራሱን ሥራ ይሠራል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካቻቢቴ ማንም እንዲነካ አልፈቀድሁም። ተማሪዎቹ ቅር ብሏቸው ነበር። ሪሉን ጆሮ አጠገብ ይዞ እጀታውን በዝግታ ማዞርና የሰሙትን በደብተር መጻፍ ብቻ ነበር ሥራው። ምክንያት አለኝ። በተለመደው ሪል ውስጥ በእጀታው የሚዞር ትልቅ ማርሽና ከእርሱ ጋር የተናከሰ ትንሽ ማርሽ አለ፤ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሹ አምስት ጊዜ ያህል ይዞራል። እንግዲህ በአንድ ዙር አንዴ ብቻ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ጉዳቱ ትልቁ ማርሽ ጥርስ ላይ ነው። በአንድ ዙር አምስቴ ከተደጋገመ ጥርጣሬው ወደ ትንሹ ይዞራል። ዙሩን ሙሉ የሚንከረከር ከሆነ ቆሻሻ ወይም የደረቀ ኩሽኔታ ነው። ባዶውን ሲዞር ዝም ብሎ ክሩ ሲወጠር ብቻ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ውስጡን መፍታት አያስፈልግም፤ ችግሩ ከውጭ፣ ክሩ በሚያልፍበት ሮለር ላይ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በዚህ ጆሮዋ ሁላችንንም በለጠች። ሪሉን ከመፍታቷ በፊት «ትልቁ ማርሽ ነው» ብላ ጻፈች፤ ሲከፈት ጫፉ የተሸረፈ ጥርስ ተገኘ።

ከዚያ መፍታቱ መጣ። የእንቁላል ካርቶን ከዚህ በፊት ለዚህ ሥራ ያላዋለ ሰው ካለ ይሞክረው፤ እያንዳንዱ ክፍል በወጣበት ቅደም ተከተል በየጎድጓዳው ይቀመጣል፣ ሲገጠም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። በየደረጃው በስልክ ፎቶ እናነሣለን። ሞላ ያለበትን ክፍል የምንከፍተው ሪሉን በሚያሳይ ፌስታል ውስጥ አድርገን ነው፤ ተስፈንጥሮ የጠፋ ሞላ ምትክ የለውምና። ቪቴዎቹ ርዝመታቸው እንደሚለያይ፣ በአንዳንድ ሪል ላይ ዳዶው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታ፣ ከማርሹ ሥር የምትገኘው እንደ ወረቀት የሳሳች ሮንዴላ ሳትታይ ከቆሻሻው ጋር ከተጣለች እጀታው እንደሚወላከፍ ሁሉም በእጁ ተማረ። ብረት ብረቱን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እናጥባለን፤ መስኮት ከፍተን፣ እሳት ርቆ። የፍሬኑን የጨርቅ ሮንዴላዎች ግን ጋዝ አናስነካቸውም።

የዓመቱ ትልቁ ጦርነት ከግራሶ ጋር ነበር። ሰው ዕቃውን ሲወድ ያበዛለታል። አንድ አባት የላኩት ሪል ውስጡ የመኪና ጎማ ኩሽኔታ በሚቀባበት ወፍራም ግራሶ ጢም ብሎ ነበር። ችግሩ ጠዋት ጠዋት እጀታው ወደ ኋላ መዞሩ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ይተዋል። ሪል እጀታው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ የአንድ አቅጣጫ ኩሽኔታ አለው። በውስጡ ቀጫጭን ዘንጎችን ትናንሽ ሞላዎች ወደ ቦታቸው ይገፏቸዋል። በጠዋት ብርድ የጠጠረው ግራሶ ዘንጎቹን ያዛቸው፤ ሞላዎቹ መግፋት አቃታቸው። ይህን ክፍል አጥበን፣ አድርቀን፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ሽታ ያህል ብቻ ሰጠነው፤ ዳነ። ማርሽ ግራሶ ይፈልጋል፣ ያውም ጥርሶቹን በስሱ የሚሸፍን ያህል። ተራ ኩሽኔታ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል። የአንድ አቅጣጫው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ይህን በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፈን ለጥፈነዋል።

አሠራሩን ለማስረዳት የብስክሌት ከተማ መሆናችን ረዳን። ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ያረጀ የኋላ ጥርስ ለምነን አመጣን፤ ፔዳሉ ሲቆም ጎማው ብቻውን እንዲዞር የሚያደርገውን ማለቴ ነው። ፈትተን አየነው። መያዣው ከሪሉ የተለየ ቢሆንም ሐሳቡ አንድ ነው፦ በአንድ በኩል ይለቃል፣ በሌላው ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1921 በጃፓን ሳካይ ከተማ የተመሠረተው ሺማኖ፣ ዛሬ በሪሎቹ የሚታወቀው፣ መጀመሪያ የሠራው ይህንኑ የብስክሌት ክፍል እንደነበር ስነግራቸው ተማሪዎቹ አልተገረሙም፤ ሁለቱንም በእጃቸው ይዘዋቸው ነበርና።

ለእኔ እንደ ፊዚክስ መምህር ከሁሉ የጣመኝ ግን የፍሬኑ ሥራ ነው። ፍሬኑ የተደራረቡ ሮንዴላዎች ናቸው፤ ዓሣው ሲጎትት ክሩ ከመበጠሱ በፊት ክሩ የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ እየተንሸራተተ ክር እንዲለቅ ያደርጋሉ። ልምድ ያላቸው አጥማጆች ፍሬኑን ክሩ ከሚችለው ክብደት ከሩብ እስከ ሲሶ ላይ ያስተካክሉታል። 6 ኪሎ ለሚችል ክር ሩቡ 1.5 ኪሎ፣ በኒውተን 15 ገደማ ነው። የቤተ ሙከራውን የሞላ ሚዛን ከክሩ ጫፍ አሰርንና ቀስ ብለን ጎተትን። ባልጸዳው ሪል ላይ መርፌው 15ን አልፎ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ድንገት ማጠንጠኛው ተፈናጥሮ ወደ ታች ወረደ፤ እንደገና ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ክር የሚበጥሰው ይህ መንተፍተፍ ነው። ሮንዴላዎቹ ተጨምቀው ፊታቸው እንደ መስታወት ሆኖ ነበር። አጽድተን፣ አፍታትተን፣ ለጨርቃቸው የሚስማማ ዘይት አጥጥተን ስንመልሳቸው መርፌው 15 አካባቢ ደርሶ እዚያው ጸና፤ ክሩም ያለ መንተፍተፍ ወጣ። በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ስለ ቆመና ስለሚንቀሳቀስ አካል ሰበቃ የምለፋበትን ትምህርት ተማሪዎቹ በአንድ መርፌ አዩት። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ከዓሣ ማጥመድ ሲመለሱ ፍሬኑን ማላላት። ጠብቆ የከረመ ሮንዴላ ይጨመቃል።

በየካቲት አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ክር ስለሚበጥስ ሪል ነገረን። ቤተሰቡ ክሩን በተደጋጋሚ ቀይረዋል፤ ወቀሳው ሁሉ በክሩ ጥራት ላይ ነበር። ክሩን ወደ ማጠንጠኛው በሚመራው ቅስት ሽቦ ሥር ያለችውን፣ ከአተር ፍሬ ብዙም የማትበልጠውን ሮለር በጥፍሩ ሊያዞራት ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለችም። በማጉያ መነጽር ስናያት ሆዷ ላይ ቀጭን ቦይ ተቆፍሯል። መዞር ስላቆመች ክሩ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲፋተግ ኖሮ ብረቱን ቆፍሮት፣ የቦዩ ጠርዝ ደግሞ በተራው ክሩን ሲመትረው ነው የኖረው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ለማለስለስ ሞክረን ነበር፤ ቦዩ ጠልቋል፣ አልሆነም። ለመለዋወጫ ካስቀመጥናቸው የሞቱ ሪሎች መካከል ልኳ የሆነ ተገኘችና ተተካች። ከዚያ ወዲህ ክር መበጠሱን አልሰማንም።

ያልተሳካልንም አለ። የቅስቱን ሽቦ የሚመልሰውን የተሰበረ ሞላ ከተራ ሽቦ ጠምዝዘን ለመሥራት ደከምን፤ ተራ ሽቦ የተጠመዘዘበትን ቅርጽ ይይዛል እንጂ ተመልሶ አይገፋም። የሞላ ብረት ሽቦ እንፈልጋለን። እርሱ እስኪገኝ ያ ሪል ቅስቱን በእጅ እየመለሱ ይሠራል፤ ባለቤቱም ተቀብለውታል።

በሚቀጥለው ዓመት ክበቡ በጥቅምት ሥራ ይጀምራል። ዘንድሮ የሠለጠኑት አባላት አዲስ ገቢዎችን ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ያስተምራሉ፤ ደብተራቸውም በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ወላጆችን የምንለምነው ቤት ውስጥ የተጣለ ሪል ካለ እንዳይጥሉት ነው። የሞተውም ይጠቅመናል፤ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ከመላካችሁ በፊት በኃይለኛ ውኃ አትጠቡት፤ አሸዋውን ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ተፈትቶ የቀረም ከሆነ ቪቴዎቹንና ሮንዴላዎቹን፣ ምንም ያህል ደቃቅ ቢሆኑ፣ በክብሪት ቀፎ አድርጋችሁ ከሪሉ ጋር አስራችሁ ላኩልን።